ጨጓራ ሲደማ፦ የትኛው ሕክምና፣ መቼ፣ ለማን?

የጨጓራ ቁስለት መድማት ሲጀምር ምክር አይጠፋም። ጎረቤት ተልባ በጥብጣ ትመጣለች። ፋርማሲው ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) ይሸጣል። ሰፈር ያለው ክሊኒክ ግሉኮስ ሰቅሎ ደም ማቆሚያ መርፌ ይወጋል። ሆስፒታሉ ደግሞ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ማየት) ያዛል። ቤተሰብ የቱን ይዞ የቱን እንደሚተው ግራ ይገባዋል።

እዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ እያነጻጸርን እናያለን። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከሁሉም ውሳኔዎች የበሽተኛውና የቤተሰቡ የሆኑት ሁለት ናቸው። አንደኛው በመጀመሪያው ሰዓት ወዴት እንደሚኬድ ነው። ሁለተኛው ደሙ ከቆመ በኋላ የቁስለቱን ምክንያት ማጥፋት ነው። መሀል ያለው የሐኪሙ ሥራ ነው። ቢሆንም ምን ለምን እንደሚደረግ ያወቀ አስታማሚ ተገቢውን ጥያቄ በሰዓቱ ይጠይቃል።

ቤት፣ ክሊኒክ ወይስ ሆስፒታል?

መጀመሪያ ምልክቱን እንለይ። ደሙ ከላይ ከወጣ ትኩስ ቀይ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ይሆናል። ወደ ታች ከሄደ ሰገራው ጥቁር ይሆናል። ጥቁር ስንል ጠቆር ያለ ማለት አይደለም። እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቅ፣ የሚጣበቅ፣ ሽታው ከወትሮው የተለየ ከባድ ነው። የብረት እንክብል (አይረን) የሚወስድ ሰውም ሰገራው ይጠቁራል። ቢስመዝ ያለበት የጨጓራ መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋል። የእነዚህ ግን አይጣበቅም፣ ሽታውም ያን ያህል አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ሐኪም ይየው።

ቤት መቆየት አማራጭ አይደለም። ተልባውም፣ አብሹም፣ ወተቱም የሚደማ የደም ሥር አይዘጉም። ሌላም ጉዳት አላቸው። ሆድ ውስጥ የገባ ነገር በኢንዶስኮፒ ጊዜ ቁስለቱን ይሸፍናል፤ በሽተኛው ሲያስመልስም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ደም ያስመለሰ ሰው እስኪታይ ድረስ በአፉ ምንም ባይወስድ ይሻላል።

ክሊኒክና ጤና ጣቢያስ? ቅርብ ከሆኑ ይጠቅማሉ፤ ጥቅማቸው ግን የተወሰነ ነው። የደም ግፊትና የልብ ምት ይለካሉ፣ በክንድ በኩል መስመር ይከፍታሉ፣ ፈሳሽ ይጀምራሉ፣ ሪፈር ይጽፋሉ። እዚያው ማደር ግን አይገባም። ደሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ የቆመ ቢመስልም ሌሊት ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ደም ባንክም ኢንዶስኮፒም የሌለበት ቦታ መገኘት ከባድ ነው።

ስለዚህ መልሱ ሆስፒታል ነው። የትኛው ሆስፒታል ለሚለው ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ደም ማግኘት ይቻላል ወይ? ኢንዶስኮፒ ዛሬ ወይም ነገ ይሠራል ወይ? አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ኢንዶስኮፒ የሚሠራባቸው ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ናቸው። በክልል ከተሞች በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ይሻላሉ። መንገድ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ስልክ ቢደውልና ቢያጣራ ብዙ ሰዓት ይድናል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በሽተኛው ሲቀመጥ ራሱን የሚስት፣ ላቡ የቀዘቀዘ፣ ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ የሚመታ ከሆነ በቅድሚያ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂድ። እዚያ ፈሳሽና ደም አግኝቶ ከተረጋጋ በኋላ ወደ ትልቁ ይላክ። ግፊቱ የወደቀ ሰው ይዞ ለሰዓታት መንዳት ኢንዶስኮፒ ያለበት ለመድረስ ሲባል ሕይወት ማጣት ነው።

ወደ ቤት የሚላክስ አለ? አለ። ሐኪሞች ግላስጎው ብላችፎርድ የሚባል የነጥብ መለኪያ አላቸው። የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሄሞግሎቢን (የደም መጠን መለኪያ የሆነው የቀይ ሴል ንጥረ ነገር)፣ በደም ውስጥ ያለው ዩሪያ፣ ራስ መሳት፣ ጥቁር ሰገራ፣ የጉበት በሽታና የልብ ድካም ይቆጠራሉ። ድምሩ 0 ወይም 1 ከሆነ በሽተኛው ሆስፒታል ሳይተኛ በተመላላሽ ሊታይ ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን "ደህና ነኝ፣ ልሂድ" ማለት አያዋጣም።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ሰው ሲደማ ፈሳሹም ቀይ ሴሉም አብረው ነው የሚወጡት። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት የሚለካው ሄሞግሎቢን ደህና ሊመስል ይችላል። ሰውነት ፈሳሽ እየሳበ ደሙን ሲያቀጥን ነው ቁጥሩ የሚወርደው። የመጀመሪያ ውጤት 12 ስለሆነ ተደስቶ መሄድ ያሳስታል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ድጋሚ ይለካልን ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፦ ደም፣ ኦሜፕራዞል፣ "ደም ማቆሚያ"

ደም ይሰጥ ወይስ ይጠበቅ? ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ደም ቶሎ እንዲሰጥ ይፈልጋል፤ ይገባኛልም። ዘመድ ሁሉ ተሰባስቦ ለመስጠት ይሰለፋል። ግን ብዙ ደም ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ባርሴሎና ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ሁለት መንገድ አነጻጽሮ ነበር። አንደኛው ቡድን ሄሞግሎቢኑ ከ7 ሲወርድ ብቻ ደም አገኘ፣ ሌላው ከ9 ሲወርድ። ከ7 ሲወርድ ብቻ ካገኘው ቡድን በሕይወት የተረፈው በብዛት ነበር፤ ደሙም ተመልሶ የመጣበት ያነሰ ነበር። አሁን የተለመደው መስፈርት 7 ነው። የልብ ሕመም ላለበት 8 ይሆናል። እዚህ ላይ ልዩነቱን እወቁ፤ ደሙ በኃይል እየፈሰሰ ግፊቱ የወረደ ሰው ላይ ቁጥር አይጠበቅም፣ ይሰጠዋል።

ኦሜፕራዞልስ? በመርፌ መሰጠቱ ልክ ነው። ከኢንዶስኮፒ በፊት ሲሰጥ ቁስለቱ ትንሽ ረጋ ብሎ እንዲገኝ ይረዳል። ሞትን ግን በራሱ አይቀንስም። "ኦሜፕራዞል ጀምረናል" ተብሎ ኢንዶስኮፒው የሚዘገይ ከሆነ ነገሩ ተገላብጧል ማለት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ከኢንዶስኮፒ በኋላ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። እነ ሲሜቲዲን (ሌላ ዓይነት አሲድ ቀናሾች) ግን ለሚደማ ቁስለት አቅም የላቸውም። ኦሜፕራዞል ባለበት ቦታ ሲሜቲዲን መወጋት ጊዜ ማባከን ነው።

ደም ማቆሚያ የሚባለው መርፌ ብዙ ጊዜ ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው። ለወሊድ መድማትና ለአደጋ ጉዳት የሚጠቅም መድኃኒት ነው። ለጨጓራና አንጀት መድማትም ይሆናል ተብሎ ነበር። ከዚያ በ15 አገሮች 12,009 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ተሠራ፤ ውጤቱም በ2020 ወጣ። በአምስት ቀን ውስጥ በመድማት የሞተው በሁለቱም ቡድን ከ100 ወደ 4 ያህል ሰው ነበር፣ መድኃኒቱን አገኘም አላገኘም። መድኃኒቱን ባገኙት ላይ ደግሞ በደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም በዛ። ስለዚህ ይህን መርፌ ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ መዞር አያስፈልግም። ገንዘቡም ጉልበቱም ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

በአፍንጫ በኩል ቱቦ አስገብቶ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ የድሮ ልማድ ነው። ደም አያቆምም። ሆዱ ውስጥ የረጋ ደም በብዛት ካለ ግን ኤሪትሮማይሲን 250 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጣል። ኢንዶስኮፒው ከመጀመሩ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ከተሰጠ ጨጓራው ራሱ ደሙን ገፍቶ ያወርድና እይታው ይጠራል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ኢንዶስኮፒ፦ ዛሬ ሌሊት ወይስ ነገ ጠዋት?

እዚህ ላይ አንዲት ከተማ መነሳት አለባት። ስለ ጨጓራ መድማት ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር የመጣው ከሆንግ ኮንግ ነው። በዚያ የሚገኘው ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ሆስፒታል ለዓመታት ተራ የሚመስሉ ጥያቄዎችን እያነሳ በጥናት መልሷል። "ሌሊት ይሻላል ወይስ ጠዋት?" የሚለውም አንዱ ነው። በ2020 የታተመው ጥናት ከፍተኛ አደጋ ላይ ያሉ 516 በሽተኞችን በሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን የጨጓራ ሐኪም ከተጠራ በ6 ሰዓት ውስጥ ታየ። ሌላው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ። በ30 ቀን ውስጥ የሞተው በመጀመሪያው ቡድን ከ100 ወደ 9፣ በሁለተኛው ከ100 ወደ 7 ሰው ያህል ነው። መቸኮሉ አልጠቀመም።

ለእኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሌሊት ኢንዶስኮፒ የሚሠራ ሰው የሌለበት ሆስፒታል ውስጥ መተኛት በራሱ ጥፋት አይደለም። ሌሊቱን ፈሳሽ፣ አስፈላጊ ከሆነ ደም፣ ኦሜፕራዞልና ጥሩ ክትትል ያገኘ ሰው ጠዋት ቢታይ ልክ ነው። ከ24 ሰዓት ማለፍ ግን ጥሩ አይደለም። ፈሳሽና ደም ተሰጥቶት እንኳ ግፊቱ አልነሳም ያለ በሽተኛ ደግሞ እስከ ጠዋት አይጠበቅም።

ኢንዶስኮፒ የሚያስፈራው የማያውቀውን ነው። ሰውየው በግራ ጎኑ ይተኛል። ጉሮሮው ላይ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይረጫል። ጥርሱ መካከል ፕላስቲክ ቀለበት ይደረጋል። እንደ ጣት የቀጠነ ቱቦ በአፉ ገብቶ ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሮዝ የሆነ ግድግዳ ይታያል። ሐኪሙ ውሃ እየረጨ የረጋውን ደም ያጥባል፣ ይመጥጣል፣ ያዞራል። ከዚያ ነጭ መደብ ያለው ጉድጓድ ይገኛል። መሀሉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ልብ በመታ ቁጥር ደም ትረጫለች። ትንሿ መቆንጠጫ ከቱቦው ጫፍ ትወጣለች፣ ትከፈታለች፣ ነጥቡ ላይ ተጭና ትዘጋለች። መርጨቱ ቀጥ ይላል። አልጋው ላይ የተኛው ሰው የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ የጉሮሮውን ማቅለሽለሽ ብቻ ነው።

ኢንዶስኮፒ ሌላም የማይተካ ጥቅም አለው። አገራችን ውስጥ ደም ያስመለሰ ሁሉ የጨጓራ ቁስለት አለበት ማለት አይደለም። በሄፓታይተስ የተጎዳ ጉበት፣ በአንዳንድ አካባቢም ቢልሃርዝያ፣ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ በሚወርደው የምግብ ቧንቧ ታችኛው ክፍል ላይ ያሉ የደም ሥሮች እንዲያብጡ ያደርጋሉ። እነሱ ሲፈነዱ ደሙ ብዙ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። የደም ሥሩ በላስቲክ ይታሰራል፣ አንቲባዮቲክና የደም ሥር ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጣል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ውሃ የያዘ፣ ወይም ጉበቱ መታመሙን የሚያውቅ ሰው ይህን ገና ድንገተኛ ክፍል እንደገባ ለሐኪሙ ይንገር።

ውስጥ የተገኘው ነው የሚወስነው

ኢንዶስኮፒው ሲያልቅ "ፎረስት ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከ1974 ጀምሮ የሚሠራበት ደረጃ ነው፣ ቁስለቱ ምን እንደሚመስል ይናገራል። ሳይታከም ቢተው ተመልሶ የመድማት ዕድሉ በደረጃው ይለያያል። እየደማ ያለ ከሆነ ከ100 ወደ 55 ነው። ደም ባይፈስም ሥሩ ተገልጦ ከታየ 43። የረጋ ደም ተጣብቆበት ከሆነ 22። ጥቁር ነጥብ ብቻ ከሆነ 10። ንጹሕ ነጭ መደብ ከሆነ 5።

ከዚህ ነው ምርጫው የሚመጣው። ንጹሕ መደብ ወይም ጥቁር ነጥብ ያለበት ሰው በኢንዶስኮፒ ምንም አይደረግለትም። ኦሜፕራዞል በአፍ ጀምሮ፣ ምግብ በልቶ፣ ሌላ ችግር ከሌለው ቶሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። "ምንም ሳይሠሩለት ላኩት" ብሎ መቆጣት አይገባም። እየደማ ያለው ወይም ሥሩ የታየው ግን የግድ መታከም አለበት። የረጋ ደም የተጣበቀበትን ሐኪሙ አጥቦ ያየዋል፤ ከዚያ ይወስናል።

በኢንዶስኮፒ ደም የማቆሚያ መንገዶች ብዙ ናቸው። አድሬናሊን በመርፌ ቁስለቱ ዙሪያ መውጋት በጣም የተለመደው ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ደሙን ወዲያው ይቀንሰዋል። ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ የአድሬናሊኑ ኃይል ሲያልቅ ደሙ ይመለሳል። ስለዚህ ከሌላ ጋር ነው የሚሠራው። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምናገረው መቆንጠጫ የሌለበት ቦታ አድሬናሊን ብቻ ተወግቶ "ታክሟል" ስለሚባል ነው። እንዲያ ከሆነ በሽተኛው ጠንከር ያለ ክትትል ይፈልጋል፤ መቆንጠጫ ወዳለበት ስለመላክም መነጋገር ተገቢ ነው።

መቆንጠጫና የሚደማውን ቦታ የሚተኩስ የሙቀት መሣሪያ በአቅም ተቀራራቢ ናቸው። የመቆንጠጫው ጥሩ ጎን ሕብረ ሕዋሱን አለማቃጠሉ ነው። ያረጀና የደነደነ ቁስለት ላይ ግን አልይዝ ይላል። ሙቀቱ እንዲህ ላለው ይሻላል፤ ከመጠን ካለፈ ግን ግድግዳውን ሊበሳ ይችላል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ለሚለው መልሱ የሐኪሙ እጅ የለመደው ነው። ከነዚህ ሌላ ደም ሲነካው የሚጣበቅ ዱቄትም አለ። በሰፊው እየደማ ያለውን በፍጥነት ያቆማል፤ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ግን ይረግፋል። ስለዚህ ጊዜ መግዣ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ከታከመ በኋላ ኦሜፕራዞል ዋናውን ሥራ ይሠራል። አሲድ ሲጠፋ የረጋው ደም ቦታው ላይ ይቆያል። በ2000 የሆንግ ኮንግ ሐኪሞች ያሳዩት ይህንን ነው። ከኢንዶስኮፒ ሕክምና በኋላ ኦሜፕራዞል በደም ሥር ያገኙት ላይ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ የደማው ከ100 ወደ 7 ነበር፤ ባላገኙት ላይ ወደ 22። አሰጣጡ 80 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ በሰዓት 8 ሚሊግራም ለ72 ሰዓት ነው። በፓምፕ ማንጠባጠብ የማይቻልበት ቦታስ? 40 ሚሊግራም በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ በመርፌ ለሦስት ቀን መስጠት ከዚያ እንደማያንስ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል። ስለዚህ ፓምፕ የለም ብላችሁ አትጨነቁ። ከሦስቱ ቀን በኋላ በቀን ሁለቴ በአፍ እስከ 14ኛው ቀን ይቀጥላል፣ ከዚያ በቀን አንዴ።

ተመልሶ ቢደማ

የልብ ምት ሲፈጥን፣ ትኩስ ደም ያለበት ትውከት ሲመጣ፣ ሄሞግሎቢን በድንገት ሲወርድ ደሙ ተመልሷል ይባላል። አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። ያኔ ሁለተኛ ኢንዶስኮፒ ወይስ ቀዶ ሕክምና? ይህም ጥያቄ ሆንግ ኮንግ ላይ ተጠንቷል፣ በ1999። ድጋሚ ኢንዶስኮፒ ከተደረገላቸው 48 ሰዎች 35ቱ ሆዳቸው ሳይከፈት ደማቸው ቆመ፤ ችግር የገጠማቸውም ከቀዶ ሕክምናው ቡድን ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ መጀመሪያ ድጋሚ ኢንዶስኮፒ ይሞከራል። ቁስለቱ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነና ግፊቱ የወደቀ ከሆነ ግን ድጋሚው የመሳካት ዕድሉ ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ላይ ቀዶ ሐኪም ከጅምሩ ይጠራ።

ሦስተኛ መንገድ አለ። በጭን በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የሚደማውን የደም ሥር ከውስጥ መድፈን ነው። ሰውየው ሆዱ አይከፈትም። እድሜው ለገፋ፣ ልቡ ለደከመ ሰው ከቀዶ ሕክምና ይመረጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ በጣም ጥቂት ቦታ ነው የሚገኘው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቀዶ ሕክምና አሁንም ቦታው አለ። በጊዜው የተከፈተ በሽተኛ ይተርፋል፤ ችግሩ ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ መከፈቱ ነው።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ

ዋናው ምርጫ እዚህ ነው የሚጀምረው። ሰው ደሙ ሲቆም ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ግን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጡት በአብዛኛው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው ሕመም ማስታገሻ ነው። በርበሬ ያቃጥላል፣ ቁስለቱን ግን አይፈጥርም። ጭንቀትም ብቻውን አይፈጥርም። የሚጠፋውን ካላጠፋን ቁስለቱ ይመለሳል።

ማስታገሻውን እንጀምር። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ አስፕሪን አንድ ቤተሰብ ናቸው። ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለራስ ምታት ያለ ትእዛዝ ይገዛሉ። ብዙ ሰው ደግሞ "መርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም" ይላል። ትክክል አይደለም። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን የሚጎዱት በዋናነት በደም በኩል ነው፤ የጨጓራን መከላከያ ሽፋን የሚያዘጋጀውን ንጥረ ነገር ስለሚያግዱ። በመቀመጫ በኩል ቢገቡም፣ በመርፌ ቢወጉም ያው ነው። ከምግብ በኋላ መውሰድም አያድንም።

ታዲያ ሕመም ሲኖር ምን ይወሰድ? አንዴ ለደማ ሰው ፓራሲታሞል የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ከዚያ ቅባት፣ ማሸት፣ እንቅስቃሴ። ማስታገሻው የግድ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ በከባድ የመገጣጠሚያ በሽታ፣ ሴሌኮክሲብ የሚባለው ማስታገሻ ከኦሜፕራዞል ዓይነት መድኃኒት ጋር ይሻላል። በ2007 የታተመ የሆንግ ኮንግ ጥናት ከዚህ በፊት የደሙ ሰዎችን አነጻጽሯል። ሴሌኮክሲብ ብቻውን በወሰዱት ላይ በዓመት ውስጥ ከ100 ወደ 9 ሰው ዳግም ደማ። ከኢሶሜፕራዞል (የኦሜፕራዞል ዓይነት መድኃኒት) ጋር ከወሰዱት አንድም አልደማም። ልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሴሌኮክሲብ አይሆነውም፣ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

አስፕሪን የተለየ ነገር ነው። ልቡን ታሞ የማያውቅ ሰው "ለጥንቃቄ" የሚወስደውን አስፕሪን ያቁም። በድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ)፣ በስትሮክ ወይም በልብ የደም ሥር ውስጥ በተቀመጠ ስቴንት ምክንያት የሚወስድ ግን ለብዙ ቀን ማቆም የለበትም። ይህ በብዛት የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። ቤተሰቡ ደሙን ፈርቶ አስፕሪኑን ይደብቃል፣ ሰውየው በስትሮክ ይወድቃል። እንዲህ ዓይነት በሽተኞች ላይ በ2010 ጥናት ተሠርቷል። አስፕሪኑን ወዲያው የቀጠሉት ላይ በሁለት ወር ገደማ የሞተው ከ100 ወደ 1 ነበር፤ ያቋረጡት ላይ ወደ 13። የቀጠሉት ላይ መድማቱ ትንሽ ቢበዛም ሕይወቱ ከዚያ በለጠ። አሁን የሚመከረው ደሙ ከቆመ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ከኦሜፕራዞል ዓይነት መድኃኒት ጋር እንዲመለስ ነው። አስፕሪኑን ክሎፒዶግሬል በሚባል ሌላ የደም መርጋት መከላከያ መተካት ጨጓራን ያድናል የሚል ግምት ነበር። በ2005 ሲፈተሽ አስፕሪን ከኢሶሜፕራዞል ጋር በጣም የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ባክቴሪያው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች በ1980ዎቹ መጀመሪያ እስኪደርሱበት ድረስ የጨጓራን አሲድ ይቋቋማል ተብሎ የሚታሰብ ባክቴሪያ አልነበረም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እንደተቆጣ አሳየ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከዚያ ወዲህ የሚደማ ቁስለት ያለበት ሁሉ ለኤች ፓይሎሪ መመርመር አለበት።

ምርመራውን መምረጥ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአገራችን በጣም የተለመደው የደም ምርመራ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው። ችግሩ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለረዥም ጊዜ "ፖዘቲቭ" ማለቱ ነው። መድኃኒት ጨርሶ ድጋሚ በደም ምርመራ ፖዘቲቭ ተብሎ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ የሚውጥ ሰው ብዙ ነው። የሰገራ አንቲጅን ምርመራ አሁን ያለውን ባክቴሪያ ነው የሚያሳየው፤ የትንፋሽ ምርመራም እንዲሁ። ሁለቱም ከደም ይሻላሉ። ሰገራው በብዙ ቦታ ስለሚገኝ ለአብዛኛው አንባቢ እሱን እመክራለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ደም እየፈሰሰ ሳለ የሚደረግ ምርመራ ባክቴሪያው እያለ "የለም" ሊል ይችላል። ስለዚህ በመድማቱ ሰዓት ኔጌቲቭ የወጣ ሰው በኋላ ይደገምለት። ፖዘቲቭ ከወጣ ግን ይታመናል።

መድኃኒቱ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው፦ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን፣ ለ14 ቀን። ሌላው አራት ዓይነት ነው፦ ኦሜፕራዞል፣ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል። ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን እየለመደ ስለመጣ የአሜሪካ የጨጓራ ሐኪሞች በ2024 አራቱን አስቀድመዋል። በእኔም አስተያየት አራቱ ከተገኘ ይቀድማል። ቢስመዝ ሁልጊዜ አይገኝም፣ የክኒኑ ብዛትም ያሰለቻል። ካልተገኘ ሦስቱን በ14 ቀን ሙሉ መጨረስ ነው። ከዚህ በፊት ለሳል ወይም ለሌላ ክላሪትሮማይሲን የወሰደ ሰው ግን ሦስቱን አይጀምር። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰውም ወደ አራቱ ይሄዳል። በሰባተኛው ቀን "ተሽሎኛል" ብሎ ማቆም ባክቴሪያውን ማስለመድ ነው። ቢስመዝ ሰገራን እንደሚያጠቁር ሳትረሱ ዋጡት።

ጾም ከመጣ ለሐኪሙም ለንስሐ አባትም ወይም ለሼኹ ንገሩ። በኦርቶዶክስም በእስልምናም ለታመመ ሰው መንገድ አለ። ቁስለቱ ገና ትኩስ ሆኖ መድኃኒቱ በሰዓቱ የሚዋጥበትን ጊዜ በጾም ማወክ አይገባም። ሲጋራ የቁስለቱን መዳን ያዘገያል፤ ማቆም ነው። አረቄውም ቁስሉ እስኪድን ይቅር።

መድኃኒቱ ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ ባክቴሪያው መጥፋቱ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይረጋገጥ። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት መቆም አለበት፣ አለበለዚያ ውጤቱ ያታልላል። ማስታገሻ ወይም አስፕሪን የሚቀጥል ሰው ግን ኦሜፕራዞሉን በራሱ አያቁም፤ መቼና እንዴት እንደሚመረመር ሐኪሙ ይወስን። ባክቴሪያው ጠፍቶ ማስታገሻ ለማይወስድ ሰው ኦሜፕራዞል ለዘላለም አያስፈልግም፤ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይበቃል።

ቁስለቱ ጨጓራ ላይ ከነበረ ግን ሌላ ቀጠሮ አለ። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ድጋሚ ኢንዶስኮፒ ይደረግ። አንዳንድ የጨጓራ ካንሰር ቁስለት መስሎ ይደማል፤ ያልዳነውን ቁስለት ናሙና ወስዶ ማየት ብቻ ነው የሚለየው። የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ያለ ቁስለት ግን ካንሰር የመሆን ዕድሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ምልክት ከሌለ ድጋሚ ማየት አያስፈልግም። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ ወረቀቱ ላይ "ጨጓራ" ወይም "ዱዴነም" (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ተብሎ የተጻፈውን አንብቡ፤ ካልተጻፈ ጠይቁና ያስጽፉላችሁ።